ከሐረጎ ግርጌ

አሊጋዝ ደወለ፣ ከቴክሳስ መንገድ ላይ፣
በእሱ ጨለማ ነው፣ በእኔ ወጥታለች ፀሐይ።
ኮምቦልቻ ከዳር፣ ከጎሚስታው ደጄ፣
ስልኩን በትከሻ፣ ክሪኩን በእጄ፣
እሰማዋለሁ፤
የወንድም ድምፅ ነው፣ ቢያናድድም እወዳለሁ።

«ስማኝ» ይላል፣ «ስማኝ፤ ዛሬ ድምፄን ሰጠሁ፣
ለወግ አጥባቂዎቹ፤ ማንንም አልፈራሁ።
በሳምንት ሰባ ሰዓት መሪ ይዤ አድራለሁ፣
ደሞዜን ሳላየው ግብሩን አየዋለሁ።
ከእኔ ላብ ተቆርጦ፣ ፍትሕ ተብሎ ተጠርቶ፣
ይበላል ጎረምሳ በሩን ዘግቶ ተኝቶ።
እኩልነት ማለት ሩጫው ሲጀመር ነው፣
መድረሻው ላይ ቆመህ ሽልማት አታድለው።
መንግሥት አጥር ይጠብቅ፣ ሌባ ይያዝ፣ ይብቃው፣
የማጀቴን ድስት ክዳን ሊከፍት ማን ጠራው?»

እውነት አለው ደግሞ።
አምና ገማች መጣ፣ ደጃፌ ላይ ቆሞ፣
የሞተውን ጎማ፣ ዝናብ ያቆረበት፣
ልጅ የሚጫወትበት፣ ዶሮ የተኛበት፣
«ሃያ ሦስት» ብሎ መዝገብ ላይ አሰፈረው፣
የቆሻሻ ክምሬን ካፒታል አደረገው።
አቤት ልል ብሄድ ወረፋ በወረፋ፣
ቅሬታ ሰሚው ራሱ ስብሰባ ሄዶ ጠፋ።
ለዚያ ነው አሊጋዝን ዝም ብዬ የምሰማው፣
የተገመተ ያውቃል፣ ግምት እንዴት እንደሚያደማው።

«እኛ» ይላል ቀጥሎ፣ «እኛኮ ቅሬ አለን፣
ማን አዋጅ አወጣ? ማን በጀት ለቀቀልን?
ሰው ሲሞት መንደሩ ዶማ ይዞ ይወጣል፣
የመጣ ይቆፍራል፣ የቀረ ይቀጣል።
እስላም ለክርስቲያን፣ ክርስቲያን ለእስላም፣
ቃሬዛ ሲሸከም ቅጽ ሲሞላ አላየሁም።
እዚህ ግን የማላውቀው ሰው ኪራይ እከፍላለሁ፣
እጄን አትጠምዝዙ፤ አውቄ እሰጣለሁ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

በሰባ ሰባት ክፉ ቀን፣ እሱ አምስት ሳይሞላው፣
እናታችን በስንዴ ጆንያ ሱሪ ሰፋችለት፣
ከመቀመጫው ላይ ሁለት እጅ የሚጨባበጡበት፣
ማንም ያላነበበው ፊደል የታተመበት።
ስንዴውን የላከው፣ ግብሩ የተቆረጠ፣
ማን ይሆን?
ምናልባት አንድ ሹፌር፣ እንዲሁ በሌሊት፣
«ለማላውቀው ሰው ለምን?» እያለ ሲያጉረመርም፣
አሊጋዝ የሚባል ልጅ መኖሩን ሳያውቅም።

አላነሳሁበትም።
ወንድም በሕፃንነት ሱሪው አይከሰስም።

ይልቅ ስለ እትዬ ሐዋ አወራሁለት።
ሃያ ስድስት ዓመት ክር ስትቀጥል ኖራ፣
ሳንባዋ ጥጥ ለብሶ ወጣች ከሥራ።
ለዘይት ወረፋ ቀበሌ በር ቆማ፣
ሳሏ ነው ቀድሟት የሚደርስ፣ ከሩቅ የሚሰማ።
«ሠርታለች» አልኩት፣ «መቼም ተኛች አትላትም።
ቅሬውም መልካም ነው፣ ስትሞት ይቀብራታል፣
ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅልላታል።
ግን ደንቡን ገልጬ ዳር እስከ ዳር አነበብኩት፣
ለሞተ ነው እንጂ
እየሳለ ለሚኖር አንቀጽ አጣሁበት።»

ዝም አለ። ሞተሩ ብቻ ነው የተሰማ።
«ስልኳን ላክልኝ» አለ፣ «ስሜን ግን እንዳትሰማ።»
አሊጋዝ ይኸው ነው፣
በአፉ የዘጋውን በር በእጁ የሚከፍተው።
ግን ከእሷ አጥር ማዶ፣ እንደ እሷ የሚስለው፣
ቴክሳስ ውስጥ አሊጋዝ የሚባል ሰው የሌለው?

አላውቅም። እኔ የማውቀው ሐረጎን ነው።
እሱም መንዳት የለመደው እዚያው ነው፣
ከደሴ ቁልቁል፣ በጥምዝምዙ።
ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ሞተር አጥፍቶ የወረደ፣
ጎማውን ከገደል ሥር ለቅሜለታለሁ።
ፍሬን ነክሶት ዳገት መሃል የቀረም፣
ሙዝ እንደጫነ፣ ሙዙ እስኪጠቁር አይቻለሁ።

«ልዝጋ» አለኝ በድንገት፣ «ሚዛን ጣቢያ ደረስኩ፣ ሊመዝኑኝ ነው።»
«ማነው የሚመዝንህ?»
«መንግሥት ነዋ! ከልክ በላይ የጫነ መንገድ ይገድላል።»
እሱም የተናገረውን ሰማው መሰለኝ፤
ሳቀ፣ ዘጋ።

ከላይ አንድ ኤፍ ኤስ አር እያቃሰተ ወረደ፣
የኋላው ጎማ ተንፍሶ ከደጄ ቆመ።
«ፍሬኑስ?» አልኩት ሹፌሩን።
«ይይዛል» አለ፣ ዐይኔን ሳያየኝ።
ድንጋይ ከጎማው ፊት አስቀመጥኩ፣
ክሪኩን አስገባሁ።